ሲስተር የገላገለቻቸው ዳክዬዎች

አትሳቁብኝና፣ እኔን የሚያስለቅሰኝ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው። ባለፈው ሰሞን ለልጄ የደንብ ልብስ ጨርቅ ልገዛ፣ አሁን በምኖርባት በመቲ ከተማ፣ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው ለካና ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ፣ የቀረውን በሁለት እጁ ይዞ ጭርር አደረገው። እዚያው ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጄ «እማዬ፣ ተወደደብሽ እንዴ?» አለችኝ። ነጋዴውም ደነገጠ፤ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ጠየቀኝ። ውጭ የመቲ ጭጋግ ጫካውን ሸፍኖ ያካፋል፤ እኔ ግን በሐሳቤ የልጅነቴ ጋምቤላ ከተማ ነበርኩ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ከሸንበቆው አጥር ማዶ።

ያኔ ጋምቤላ «ክልል» መባሏ ገና አዲስ ነበር። ከተማው ውስጥ ሰሌዳ ሳይቀባ የሚውልበት ቀን የለም። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ቢሮ ሲሆን ደግሞ ቀለምና ጓጉንቸር ይፈልጋል። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነጋዴ ስለነበር ክልልነት የገባው በጓጉንቸር ሽያጭ ነው። «ክልል ማለት በር ማብዛት ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ከአኝዋ ብሔረሰብ ነበረች። በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል በረዳትነት ትሠራለች። ነርስ አይደለችም፤ ሠፈሩ ግን እንዳለ «ሲስተር» ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች። አማርኛ የተማረችው እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ከሚያምጡ ሴቶችና እነሱን ከሚያበረታቱ ሰዎች ነው። «ግፊ»፣ «በርቺ»፣ «አይዞሽ»፣ «ተገላገልሽ» የሚሉትን ከማናችንም አሳምራ ታውቃለች። ወንድን እንዴት እንደሚያናግሩ ግን እዚያ ያስተማራት የለም። አባቴን ሳይቀር «አንቺ ባለሱቅ፣ ስኳር ስጪኝ» ትለው ነበር። አባቴ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ በኋላ ለመደው። «በሲስተር አማርኛ ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም» ይላል፣ ስኳሩን እየመዘነ።

የዳክዬ እንቁላሎቹን ያመጣልን በአቦቦ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የአባቴ ደንበኛ ነው። በአሮጌ ኮፍያ ውስጥ ጭድ አድርጎ ይዟቸው መጣና «ዶሮ አስታቅፋቸው፤ እናት መሆን ከቻለች የማን እንቁላል እንደሆነ አትጠይቅም» አለው። ቀይዋ ዶሯችንም አልጠየቀችም። በቆርቆሮ በተሠራው ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ታቀፈቻቸው። የዳክዬ እንቁላል ከዶሮ እንቁላል ዘግይቶ እንደሚፈለፈል የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ዶሯ ጊዜዋ አልፎ ሲሰለቻት ትነሳለች፤ ትወጣለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ዕቃ ቤቱም በቀን እንደ ዳቦ ምድጃ ይግላል። ጉዳቱ ከዚያ ይሁን ከሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የተፈለፈሉ ቀን ዕቃ ቤቱ የእርጥብ ላባና የእንቁላል ሽታ ሸተተ። ጤነኞቹ ዶሯን ተከትለው ወጡ። ሦስቱ ቀሩ። አንዱ እግሮቹ እንደ ተከፈተ መቀስ ግራና ቀኝ ተዘርግተው በደረቱ ይንፏቀቃል። አንዱ የእግሩ ጣቶች እንደ ጭብጥ ተኮማትረዋል። ሦስተኛው አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ምግብ መሬት ላይ እንዳለ የነገረው የለም። ሲጮኹ ዶሯ ተመልሳ መጥታ ራስ ራሳቸውን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሄደች።

በሌላ ጊዜ ቢሆን የሦስት ጫጩት ነገር የሚያስጨንቀው አይኖርም ነበር። ያኔ ግን እናቴ ወሯ ገብቶ ነበር። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ስም ሳይወጣላቸው ነው የሄዱት። ስለዚህ ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ልታስወልዳትና ልታርሳት ከደጋ ወርዳ ቤቱን በሕግ ታስተዳድረው ነበር። ክፉ ወሬ አይወራም፤ ለቅሶ ቤት አይኬድም። «እርጉዝ ዓይኗ ያረፈበት ነገር ልጇ ላይ ይታያል» ትላለች አክስቴ፣ ጣቷን እየቀሰረች። እንግዲህ እነዚያን ሦስቱን እናቴ ብታይ ምን እንደሚመጣ መገመት ነው።

አባቴ ጫጩቶቹን በሳሙና ካርቶን አድርጎ አነሳቸው። በግ ሲያርድ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ ለመብል ያልሆነን ነፍስ ማጥፋት ግን ከበደው። ግድያ የሚለውን ቃል እንኳ ሊጠራው አልደፈረም። ካርቶኑን በአጥሩ ክፍተት አሳልፎ ለሲስተር ሰጣት።

«ሲስተር፣ እባክሽ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቴ ሳታይ ገላግያቸው።»

ሲስተር ጎንበስ ብላ ካርቶኑ ውስጥ አየች። ፊቷ በራ። «እሺ ባለሱቅ፣ አንቺ አታስቢ» አለችው። «መገላገል የኔ ሥራ ነው።»

እኔ ሱቃችን ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚያ ዕድሜዬ ሁለት ወንድሞቼን በጨርቅ ተጠቅልለው ሲወጡ አይቻለሁ፤ ገና ስም ሳይኖረው የሚሄድ ነገር አንጀቴን ይበላኛል። ፀሐይ ዘወር ስትል፣ የት እንደቀበረቻቸው እንኳ ልየው ብዬ በአጥሩ ሾልኬ ሄድኩ።

ሲስተር ማንጎው ሥር ተቀምጣለች። ግቢዋ በጭቃ ተለስኖ፣ ተጠርጎ፣ እህል ቢደፋበት አንድ ፍሬ የማይጠፋበት ነው። ቸርች የምትዘምርበትን ያረጀ ሰማያዊ ጋዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ጭርር አደረገችው። ቀጭን ቁራጭ ወጣ። እንደገና ጭርር። አጠገቧ ካርቶኑ ውስጥ ሦስቱም ይንጫጫሉ።

«መጣሽ? ያዢ» አለችኝ። «እጅሽ ትንሽ ነው፤ ጥሩ ነው።»

«አባቴ እኮ ገላግያቸው ብሎሽ ነበር» አልኳት።

«አዎ። ጀመርኩ። ግን ብዙ ሥራ አለ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አማርኛ የአፍ መፍቻዬ ነው፤ ያ ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው አውቃለሁ። እሷ ግን አንደኛውን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ሴት ከምጥ የምትወጣበትን፣ ሕፃን አልቅሶ ሰው ሁሉ «እፎይ» የሚልበትን። ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ያቺን ዝምታ እወዳታለሁ።

እግሩ የተዘረጋውን እኔ በመዳፌ ያዝኩት፤ እሷ በጨርቁ ሁለቱን እግሮቹን አቀራርባ፣ በመካከላቸው ለመራመጃ የሚሆን ትንሽ ትታ አሰረችለት። ጣቱ ለተኮማተረው ከካርቶን ጫማ ቆርጣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ በፕላስተር አጣበቀችለት። ልስኑ እንዳያንሸራትታቸው ጆንያ አነጠፈች። ከሰዓት በኋላ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርገን እንለቃቸዋለን፤ ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ያ ሰነፍ እግር ሳያስበው ይቀዝፋል። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ማታ ማታ ክንፋም ምስጥ ፋኖሱን ይከባል፤ ሲስተር ታፍስና ጠዋት ለእነሱ ታቀርባለች። እሁድ እሁድ ከቸርች ከበሮ ሲሰማ ጋዋኗ የለምና በቀሚሷ ትሄዳለች። «መዘምራን ጠየቁኝ» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች፤ «ጋዋን ዳክዬ ለበሰ አልኳቸው።»

ሰማይ የሚያየውን ማዳን አልቻልንም። ውሃ በጣቷ ጫፍ እያንጠባጠበች ታጠጣዋለች፤ አንገቱን ደግፋ ምስጥ ታጎርሰዋለች። ለጥቂት ቀን ቆየ። አንድ ጠዋት ስደርስ መዳፏ ላይ ነበር። «ይቺ ደክሟታል» አለችኝ። በቋንቋዋ ቀስ ብላ አንድ መዝሙር አዜመችለት፤ ትርጉሙን አልጠየቅኳትም። ማንጎው ሥር ቀበርነው። ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አልከለከለችኝም፤ ቤታችን ውስጥ በአክስቴ ሕግ ማልቀስ ስለማይቻል፣ ለወንድሞቼም ያላለቀስኩትን እዚያ ጨረስኩት።

አባቴ የደረሰብኝ በካርቶን ነው። የሳሙና ካርቶን ክዳን እየቀደድኩ ስሸሽግ አየኝና ከኋላዬ መጣ። በአጥሩ ክፍተት ራሱን ሲያሾልክ፣ ጫጩቶቹ አንዱ ጫማ ተጫምቶ፣ ሌላው እግሩ ታስሮ፣ ወደ እሱ ሲመጡ አየ።

«ሲስተር! ገላግያቸው አላልኩሽም?»

«ገላገልኩ እኮ!» አለች ሲስተር፣ ከወገቧ ቀና ብላ፣ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ለሚጠብቅ ባል እንደምትናገረው። «ሁለት በሰላም። አንዷ ግን ሞተች፤ እግዚአብሔር ወሰደ።»

አባቴ «እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። የሚቀጥለውን ቃል ሊጠራው አልቻለም፤ አስቀድሞም ያቃተው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ጫማውን አየ። ከዚያ ሳቅ ያዘው፤ አጥሩን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። «እንኳን ተገላገሉ!» አላት በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞሮ ግን «እናትሽና አክስትሽ እንዳይሰሙ» ብሎ ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ካርቶን የሚቆርጥልኝ እሱ ሆነ።

እናቴ የወለደችው ጠዋት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰዓት ነው። ሲስተር ተረኛ ስለነበረች ልጁን የተቀበለችው እሷ ናት። ወንድ ነበር፤ በደንብ አለቀሰ። ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ ግን እርስ በርስ ለመተያየት ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ቤት እንደገባን አክስቴ እግሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ «ማንም እንዳያይ» አለች። ውሃ ልትደፋ ወደ ጓሮ ስትወጣ ግን በአጥሩ ክፍተት አሻግራ አየች፤ ሁለት ጫጩት፣ አንዱ እግሩ በጨርቅ የታሰረ። ጮኸች። «ይኸው! እግር ስታስር ሰንብታ የእህቴን ልጅ እግር አሰረች! እኔ ምን ብዬ ነበር?» አባቴ «እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ጥፋት ካለ የኔ ነው» አላት። አክስቴ አልሰማችም። በዚያው ቀን በአጥሩ ክፍተት ላይ ቆርቆሮ ተመታ። ሲስተርም ነገሩ ደርሷት መሰለኝ ቀረች፤ አራስ ልትጠይቅ እንኳ አልመጣችም። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴም እንደ አክስቴ ብታምን ሲስተር ለዘለዓለም ከእኛ ልትወሰድ ነው።

እናቴ ወደ ግድግዳ ዞራ ነበር የምትውለው። ልጁን ታጠባዋለች፤ ከጉልበቱ በታች ግን አታየውም። አንድ ቀን አክስቴ ገበያ ስትሄድ «ሲስተር ምነው ጠፋች?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርቶኑን፣ ጋዋኑን፣ ቆርቆሮውን። እናቴ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰች።

«አሁን ይሄዳሉ?»

«አንዱ ይሄዳል። አንዱ ይወድቅና ይነሳል።»

«አምጫቸው።»

አጥሩ ስለተዘጋ በመንገድ ዞሬ ሮጥኩ። ሲስተር ልብስ ታጥብ ነበር። «እናት ደህና ነች? ወተት አላት?» ብቻ ብላ ጫጩቶቹን በቀሚሴ እቅፍ ላይ አስቀመጠችልኝ። እየሮጥኩ መጥቼ እናቴ አልጋ ሥር ላስቀምጣቸው ስል «ሲሚንቶው ያንሸራትታቸዋል» አልኳት። እናቴ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ወለሉ ላይ አነጠፈችው።

ሄዱ። እግሩ ታስሮ የነበረው ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ጣቱ የተኮማተረው ገና በደንብ አልተዘረጋለትም ነበርና ሁለት ጊዜ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ሻሹ ላይ ኩሱን ጣለ። እናቴ ሳቀች። ከወለደች ጀምሮ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ከዚያ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ብርድ ልብሱን ገለጠችና እግሮቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብላ አየቻቸው።

ወዲያው ተነሳች። አክስቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በር ላይ ደረሰች። «አራስ ሆነሽ! በዚህ ፀሐይ! አርባሽ ሳይወጣ!»

«እህቴ፣ ዞር በይልኝ» አለቻት እናቴ። ድምጿ ክፋት አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት።

የልጁን እግር ሳትሸፍን በዋናው መንገድ ዞረች። ባለሱቆች ቆመው አዩ፤ ውሃ የተሸከሙ ሴቶች አዩ። እኔ ጫጩቶቹን ታቅፌ ከኋላዋ ነበርኩ። ሲስተር ስታያት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ የልጁን ሁለት እግሮች በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ወደ ውጭ ቀስ ብላ መለሰቻቸው፤ ስትለቃቸው ተመልሰው ገቡ።

«ይቺ በጨርቅ አይሆንም» አለች። «ሐኪም አለ፣ ጀሶ አለ። እኔ አይቻለሁ። ግን ጊዜ ብዙ ነው፤ እናት በርቺ።»

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

ሄደችም። ፈቃድ ወስዳ፣ በዚያው እንቁላል ባመጣልን ሾፌር መኪና ከእናቴ ጋር ደጋ ወዳለው ሆስፒታል ወጣች። ብርዱን የማታውቀው ሴት የአባቴን ካፖርት ለብሳ ነበር የተሳፈረችው። ጀሶው ተደረገ፤ ተፈታ፤ እንደገና ተደረገ፤ እንደገና ወጡ። አክስቴ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አመሏ አይፈቅድላትም። ከመጀመሪያው ጉዞ የተመለሱ ዕለት ግን የአባቴን መዶሻ አንስታ የቆርቆሮውን ሚስማር ራሷ ነቀለች። ዳክዬዎቹም አድገው በየቦዩ መዋኘት ጀመሩ፤ ጣቱ የተኮማተረው ሴት ሆና ተገኘችና እንቁላሏን ለሠፈሩ በሙሉ አዳረሰች።

ያ ወንድሜ ዛሬ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ሻንጣ እያመላለሰ ቆሞ ነው የሚውለው። የአንዱ እግሩ ባት ትንሽ ቀጠን ይላል፤ ካልተነገረው በስተቀር የሚያስተውል የለም። ሲስተር አርጅታ ጎግ ወረዳ ከዘመዶቿ ጋር ናት። ደመወዙን የተቀበለ ሰሞን ይሄድላታል፤ ስትዳብሰው ከእግሩ ትጀምራለች። እኔም አላህ እሷን ከአጥራችን ማዶ ስላስቀመጠልን አመሰግነዋለሁ፤ አመስግኜ ግን አልጨርሰውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ የልጇን መራመድ ስትጠብቅ እኩዮቹ ሁሉ ቀድመውት ሮጠዋል። በየቀኑ ታቆመዋለች፤ ይቀመጣል። አንድ ቀን እሷ ልጁን ለሲስተር ትታ ሱቅ ውስጥ አባቴን ተክታ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ክፍተት ገባሁ። ሲስተር ቁጢጥ ብላ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ወንድሜ የማንጎውን ግንድ ለቀቀና ወደ እሷ ተራመደ። ሳይወድቅ ደረሰ።

«እማ!» ብዬ ልጮህ ስል ሲስተር ዘላ አፌን በመዳፏ ያዘች። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ዝም» አለችኝ። «ዛሬ አልሄደም። እናት ስታይ ነው የሚሄድ።»

እንዳይራመድባት እስኪመሽ ከጀርባዋ አላወረደችውም፤ እሷው ጋ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ይዛው መጣች። እናቴ ፊት ወለሉ ላይ አቆመችውና ወደ ኋላ ራቅ አለች። ወንድሜ ትንሽ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ የጮኸችው ጩኸት ባለሱቆቹን ሁሉ አስወጣ። ሲስተርም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየች ሁሉ ደረቷን ይዛ እልል አለች።

እናቴ አሁን የለችም። እስከ መጨረሻዋ ድረስ «የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ያየ የለም» እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራ ነበር። ሲስተር አጠገቧ ከተቀመጠች ራሷን ትነቀንቅና፣ እኔን ሳታይ፣ «አዎ፤ እናት ነች ያየች» ትል ነበር።